ዝም በሉ የተባሉ ዘማቾች

የጦርነት ማለቅ በዐዋጅና በደወል፣ በመድፍ ተኩስና በምስጋና ጸሎት ለሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን የሚነገር ነገር ቢሆንም፣ በተዋጊው ሥጋና ነፍስ ውስጥ ግን በዚያው ቀን እንደማያልቅ ዘምቶ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ለወንዱም ለሴቲቱም እኩል የሆነ ዕዳ ነው። ይሁን እንጂ ወንዱ ዘማች ምንም ተጎሳቁሎ ቢመለስ ደጅ ላይ የሚጠብቀው ስም አለው፤ አባቱና አያቱ ጀግና እንደተባሉ እሱም ጀግና ይባላል። ሴቲቱ ስትመለስ ግን አገሩ ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ ይገባዋል፤ ግራ የተጋባም ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ወይ ከመጠን በላይ ያወድሳታል፣ ወይም ከኋላዋ ያማታል። ውዳሴና ሐሜት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ቢመስሉም፣ በሴት ዘማቾች ላይ የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም አንደበታቸውን ዘግተዋል። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት የቅርብ ዘመን ታሪኮች ሁሉ የሶቭየት ኅብረት ሴቶች ታሪክ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ጀርመን በሰኔ 1941 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ድንበር ጥሳ ሶቭየት ኅብረትን ከወረረችበት ቀን አንሥቶ እስከ 1945 ድረስ በቀይ ጦር ውስጥ ያገለገሉት ሴቶች ከ800,000 በላይ እንደ ነበሩ ይቆጠራል። እነዚህም ቁስለኛ አስታማሚዎች ብቻ አልነበሩም። የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተኳሾች፣ የሬዲዮ ሠራተኞች፣ ፈንጂ አምካኞች፣ የታንክ ነጂዎች፣ በሌሊት ቦምብ የሚጥሉ አብራሪዎች ነበሩባቸው፤ በሞስኮ አጠገብ በፖዶልስክ የነበረው የሴቶች አልሞ ተኳሾች ትምህርት ቤት ብቻ ከ1,000 በላይ ልጃገረዶችን አሠልጥኖ ወደ ግንባር ልኳል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ሴትና ወንድ እኩል ነው እየተባሉ ያደጉ፣ በየፋብሪካውና በየኮሌጁ በተቋቋሙት የተኩስ ማኅበሮች ዒላማ መምታት የተማሩ፣ ጦርነቱ በታወጀ ማግስት ወደ መመልመያ ጣቢያ ሄደው ‘አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ’ ሲባሉ አንሄድም ያሉ ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ ሊድሚላ ፓቭሊቼንኮ ነበረች። በ1916 በዩክሬን በቢላ ጼርክቫ ከተማ ተወልዳ በኪየቭ ያደገችው ይህች ሴት ገና በልጅነቷ አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ በአርሰናል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እየሠራች ተምራለች፤ ጦርነቱ ሲነሣም በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነበረች። መልማዮቹ ነርስ ሁኚ ቢሏትም የተኩስ ምስክር ወረቀቷን አሳይታ በ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ገባች። በኦዴሳ መከላከል ላይ 187፣ ከዚያም በሴቫስቶፖል ሲጨመር በጠቅላላው 309 የጠላት ወታደሮችን እንደ ጣለች በይፋ ተመዝግቦላታል፤ ከእነዚህም 36ቱ እንደ እሷው አልሞ ተኳሾች ነበሩ። በግንባር ያገኘችውና እንደ ባል የያዘችው የትግል ጓደኛዋ በሴቫስቶፖል ቆስሎ ሞተ። እሷም ራሷ በሰኔ 1942 ፊቷን በሞርታር ፍንጣሪ ተመታች፤ ከተማይቱ ልትወድቅ ጥቂት ቀን ሲቀራትም በሰርጓጅ መርከብ እንድትወጣ ተደረገ።

የአልሞ ተኳሽ ሥራ ከሌላው ተዋጊ ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መድፈኛው የሚገድለውን አያይም፤ መትረየስ የያዘውም በጢስና በግርግር መካከል ማን በማን ጥይት እንደ ወደቀ አያውቅም። አልሞ ተኳሹ ግን ከንጋት በፊት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ፣ ሳይነቃነቅ ሰዓታት ቈይቶ፣ ሲጋራ የሚለኩሰውን ወይም ጢሙን የሚላጨውን ሰው በመነጽሩ አቅርቦ ፊቱን አይቶ፣ ነፋሱን ለክቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ይተኩሳል። ከዚያም ጓደኛው ምስክር ሆኖ ቍጥሩን በደብተር ያሰፍረዋል። ይህን ሦስት መቶ ጊዜ ያደረገ ሰው ሕሊና እንደ ቀድሞው ይሆናል ብሎ መጠበቅ የሰውን ተፈጥሮ አለማወቅ ነው፤ ተኳሹ የአገሩን መሬት ከወራሪ የሚጠብቅ፣ ሥራውም ጽድቅ ቢሆን እንኳ።

መንግሥት ግን ከዚህች ሴት የፈለገው ሕሊናዋን ሳይሆን ቍጥሯን ነበር። ቍስሏ እንደ ዳነ በ1942 በበጋው መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተላከች፤ ተልእኮዋም ምዕራባውያን በአውሮፓ ሁለተኛ ግንባር እንዲከፍቱ ሕዝቡን ማነሣሣት ነበር። በኋይት ሐውስ በፕሬዚዳንቱ አቀባበል ተደረገላት፤ ከቀዳማዊት እመቤት ከኤሊኖር ሩዝቬልትም ጋር ከከተማ ከተማ ዞረች። ጋዜጠኞቹ የጠየቋት ግን ሌላ ነበር። ሴቶች በግንባር ኩልና የከንፈር ቀለም ይቀባሉ ወይ፣ የወታደር ጉርድ ቀሚስሽ ስለምን ይህን ያህል ረዘመ፣ ያወፍርሻል አይደለም ወይ የሚል ነገር ነበር። መጀመሪያ በትዕግሥት፣ በኋላም በቍጣ መለሰች። በቺካጎ ተሰብስቦ ለነበረው ሕዝብም ዕድሜዋ 25 መሆኑን፣ 309 ወራሪዎችን መግደሏን ከነገረች በኋላ፣ ወንዶቹ ከእሷ ጀርባ ተሸሽገው ብዙ የቈዩ አይመስላቸውም ወይ ብላ ጠየቀች ይባላል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ጭብጨባ እውነተኛ ቢሆንም፣ ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ያጨበጨበው ለአንድ ቍጥርና ለአንድ ዩኒፎርም ነበር። ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ልጇን ለእናቷ ትታ የዘመተች፣ ፊቷ ላይ የብረት ጠባሳ ያለባት ሴት በመድረኩ ላይ ብትቆምም ስለ እነዚህ ነገሮች የጠየቃት አልነበረም።

በ1943 የሶቭየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ከፍተኛ መዓርግ ተቀበለች፤ ሥዕሏም በፖስታ ቴምብር ወጣ። ወደ ግንባር ዳግመኛ አልተመለሰችም፤ እንዳትሞት የተፈለገች ምልክት ሆና ነበርና ወጣት ተኳሾችን እንድታሠለጥን ተደረገ። ጦርነቱ ሲያልቅ ያቋረጠችውን የታሪክ ትምህርት ፈጸመች፤ እስከ 1953 ድረስም በባሕር ኃይሉ ዋና መምሪያ በምርምር ሥራ አገለገለች። ከውጭ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተስተካከለ ኑሮ አይገኝም፤ ደመወዝ፣ ቤት፣ ኒሻን፣ በየበዓሉ በክብር ወንበር መቀመጥ ሁሉ ነበራት። የሕይወቷን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ግን የቀረው ዕድሜዋ በመንፈስ ጭንቀት፣ ከጦር ሜዳ ይዛው በመጣችው የነፍስ ቍስልና በመጠጥ የተጎዳ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። በጥቅምት 1974 በ58 ዓመቷ ሞታ በሞስኮ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረች።

በእነዚያ ዘመናት የሶቭየት ሐኪሞች የጦርነትን ጉዳት በዋነኛነት የሚያዩት በፍንዳታ የተናወጠ አንጎል ወይም የተቈረጠ አካል ሲሆን ነበር። ሌሊት የሚያባንን ቅዠት፣ በር ሲንኳኳ መሬት ላይ መውደቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ መውጫውን አስቀድሞ መፈለግ፣ ከሞቱት መካከል እኔ ለምን ቀረሁ እያሉ ራስን መክሰስ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ልበ ደካማነት ይቈጠሩ ነበር። ዛሬ ግን ሕክምናው የሚለው ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ በሞት ፊት የቈየ ሰውነት አደጋን መጠበቅ ልማዱ አድርጎ ስለሚይዘው፣ አደጋው ካለፈ በኋላም ትእዛዝ እንዳልደረሰው ዘብ ጠባቂ ከቦታው አይነቃነቅም። በአሜሪካ ሐኪሞች መዝገብ ይህ ሕመም ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በ1980 ሲሆን፣ ይህም ፓቭሊቼንኮ ከሞተች ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የጥንቶቹን ሰዎች ጥበብ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። በአራተኛው ምዕት ዓመት የነበረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በጦርነት ሰው የገደሉትን እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቈጥራቸውም፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም ነው ብሎ መክሮ ነበር። ይህ ምክር ለዘመናችን ሰው የጭካኔ ይመስላል፤ እኔ ግን በውስጡ ትልቅ ርኅራኄ አያለሁ፤ ዘማቹ ከባድ ነገር ተሸክሞ እንደ ተመለሰ አምኖ፣ ሸክሙን የሚያራግፍበትን ጊዜና የሚሰማውን ካህን ሰጥቶታልና። በእኛም አገር የድሮ ወታደር ከዘመቻ ሲመለስ በግብር አዳራሽ እየፎከረ ያየውንና ያደረገውን ይናገር ነበር፤ የሞተውንም ባልንጀራውን በሙሾ ያለቅስለት ነበር። ፉከራው ትዕቢት ብቻ አልነበረም፤ በሕዝብ ፊት መናገርና በሕዝብ መሰማት ነበር። የሶቭየት ልጃገረዶች ግን ካህን በሌለበት፣ ፉከራውም ለማርሻሎች ብቻ በተፈቀደበት አገር ተመለሱ።

ፓቭሊቼንኮን ያጠቃት ውዳሴ ከንቱ ነበር ካልን፣ ስም የለሾቹን ያጠቃቸው ሐሜት ነው። በመስከረም 1945 በወጣው ድንጋጌ ሴት ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር ሁሉም ከጦሩ እንዲሰናበቱ ተደረገ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የመንግሥቱ ርእሰ ብሔር ሚካኤል ካሊኒን የሚሰናበቱ ልጃገረዶችን ሰብስቦ ካመሰገናቸው በኋላ፣ በሚሄዱበት የሥራ ቦታ እንዳይኩራሩ፣ ስለ አገልግሎታቸውም ራሳቸው እንዳይናገሩ፣ ሌላው ቢናገርላቸው እንደሚሻል መከራቸው። አባታዊ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን የተባለው ሌላ ተናጋሪ አርባ ዓመት ያህል አልመጣም።

ሐሜቱ ለምን ያን ያህል መረረ ቢባል፣ መልሱ ከክፋት ይልቅ ከመከራ የመጣ ነው። አገሪቱ በጦርነቱ 27 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አጥታለች፤ ከዚህም ብዙው ለማግባት የደረሰ ወንድ ነበር። በየመንደሩ ባልቴቶችና ያላገቡ ልጃገረዶች ሞልተው ጥቂት ወንዶች በተመለሱበት ዘመን፣ አራት ዓመት ሙሉ ከወንዶች መካከል የኖረች ሴት በሌሎቹ ዘንድ እንደ ሌባ ታየች። መኰንኖች በግንባር የሚይዟቸው ‘የዘመቻ ሚስቶች’ እንደ ነበሩ የሚታወቅ ነው፤ አንዳንዷ በፍቅር፣ አንዳንዷም ከብዙዎች ጥቃት ለማምለጥ አንዱን የመረጠች ነበረች። ነገር ግን ስሙ ለሁሉም ተለጠፈ። በደረቷ ላይ ሜዳይ ያየ ሰው በምን ሥራ እንዳገኘችው በሽሙጥ ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ሜዳያቸውን ከሣጥን ሥር ቀበሩ፤ ስለ መቍሰላቸው የተሰጣቸውን ወረቀትም፣ ጡረታ የሚያስገኝላቸው ቢሆን እንኳ፣ አካለ ጎዶሎ ናት ተብሎ የሚያገባኝ እንዳይጠፋ ብለው የጣሉት አሉ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወደ መንደሯ በተመለሰች በጥቂት ቀን ውስጥ እናቷ ገና ሳይነጋ ቀስቅሳ፣ የታሰረ ጓዝ አስይዛ፣ ሁለት ታናናሽ እኅቶች እንዳሏት፣ እሷ እዚህ ካለች እነሱን ማንም እንደማያገባቸው ነግራ ከቤት እንዳስወጣቻት ተናግራለች። እናቲቱን ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ያቺ እናት ያን ሌሊት እንዴት አድርጋ ጓዙን እንዳሰረች ሳስብ ለፍርድ ድፍረት አጣለሁ። ለሌሎቹ ችግሩ ከዚህ ያነሰ፣ ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚገጥም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የወንድ የውስጥ ልብስና ከልክ ያለፈ ቦት ጫማ ለብሳ ቀሚስ ሲሰጧት እንዴት እንደምትራመድ የጠፋባት አለች፤ በመንገድ መኰንን ሲያጋጥማት እጇ ለሰላምታ ወደ ግንባሯ የሚሮጥባት አለች፤ ቀይ ነገር ማየት፣ ቀይ ልብስ መልበስ፣ በሥጋ ቤት በኩል ማለፍ ያልቻለችም አለች። ወላጅ የሌላት፣ ከምድብ ጓደኞቿ በቀር ዘመድ የማታውቅ ወጣት ሴት ይህን ሁሉ ለማን ትንገረው?

መንግሥትም ቢሆን ለማስታወስ አልቸኰለም። የድል በዓል የሆነው ግንቦት 9 ከ1948 ጀምሮ የሥራ ቀን ሆነ፤ ለኒሻን ይከፈል የነበረው ትንሽ ገንዘብም በዚያው ዘመን ቀረ፤ በዓሉ ወደ ክብሩ የተመለሰው በ1965 ነው። ለሴቶች የተዘጋጀው አዲስ የክብር ስም በ1944 የወጣው ‘ጀግና እናት’ ሲሆን፣ እሱም አሥር ልጆች ወልዳ ላሳደገች ነበር።

ሁሉም ግን በዚሁ መንገድ አልሄዱም። ከጦር ሜዳ ከ100 በላይ ቍስለኞችን ያወጣችው ዚናይዳ ቱስኖሎቦቫ በየካቲት 1943 በበረዶ ላይ ቈስላ ወድቃ አንድ ሌሊት በማደሯ ሁለት እጇንና ሁለት እግሯን አጣች። ለእጮኛዋ ለዮሴፍ ማርቼንኮ በሰው እጅ አስጽፋ ሸክም ልትሆነው እንደማትፈልግ፣ እንዲረሳት ነገረችው፤ እሱ ግን ከእሷ የሚለየው አንዳች ሐዘን እንደሌለ መለሰላት። ተጋብተው በፖሎትስክ ኖሩ፤ ከሞቱባቸው ሕፃናት በኋላ ሁለት ልጆች አሳደጉ። አካሏ ከማንም በላይ የተጎዳባት ይህች ሴት ከብዙዎቹ ሙሉ አካል ካላቸው ሴቶች የተሻለ ሰላም አግኝታ እንደሆነ፣ ምክንያቱ ሁሉን ነገር የነገረችውና ያልሸሻት አንድ ሰው ማግኘቷ ይመስለኛል። በዩክሬን፣ በካውካሰስና በፖላንድ ሰማይ ላይ በእንጨትና በሸራ አውሮፕላን እየበረሩ ጀርመኖች ‘የሌሊት ጠንቋዮች’ ያሏቸው አብራሪዎችም ክፍላቸው በ1945 ከፈረሰ በኋላ፣ ግንቦት 2 ቀን በሞስኮ በቦልሾይ ቴአትር ፊት ለፊት ለመገናኘት ተቃጥረው ለብዙ ዓመታት ቀጠሯቸውን ጠበቁ። በዚያ አደባባይ ስለ ማንነታቸው ማብራራት አያስፈልግም ነበር።

ስለ ፓቭሊቼንኮም የሚነገር አንድ ነገር አለ። በ1957 ኤሊኖር ሩዝቬልት ሞስኮን ስትጎበኝ የድሮ ወዳጇን ለማየት ለመነች፤ ተፈቅዶላትም በመንግሥት አጃቢ ታጅባ ወደ ጠባቧ መኖሪያ ቤት ገባች። ሁለቱም እንደ ባዕድ ተቀምጠው በቀዝቃዛ ትሕትና ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ፣ ፓቭሊቼንኮ አንድ ምክንያት ፈጥራ እንግዳዋን ወደ መኝታ ክፍል ወሰደቻት፤ በሩንም ዘግታ፣ አቅፋት፣ ግማሽ እየሣቀች ግማሽ እያለቀሰች ስለዚያ ስለ 1942 በጋ አወራቻት ይባላል። በቴምብር ላይ የታተመች ጀግና፣ እንደ ልቧ ለማውራት ከራሷ አገር ሹም በሩን መዝጋት አስፈልጓት ነበር።

ካሊኒን ይመጣል ያለውን ተናጋሪ ተክታ በመጨረሻ የመጣችው፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 የተወለደችው ጋዜጠኛ ስቬትላና አሌክሲየቪች ናት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥታ የድምፅ መቅረጫ ይዛ በየከተማው በየመንደሩ እየዞረች በመቶ የሚቈጠሩ ሴት ዘማቾችን አነጋገረች። የጠየቀቻቸው ስንት ጠላት ጣላችሁ ብላ አልነበረም፤ ምን ትበሉ፣ ምን ትለብሱ፣ ምን ትፈሩ ነበር፣ ከተመለሳችሁ በኋላ እንዴት ተኛችሁ እያለች ነበር። መናገሩም ቀላል አልሆነላቸውም። አንዱ ባል ሚስቱን ወደ ጋዜጠኛዋ ሲያቀርባት፣ ከለቅሶና ከሴት ነገር ርቃ እንዳስተማራት እንድትናገር አስጠነቀቃት፤ ሌሊቱን ሙሉ የጦርነቱን ታሪክ መጽሐፍ ሲያስጠናት እንዳደረ ሴቲቱ ኋላ ተናገረች። ሌላዋም የነገረቻት ተጽፎ ለማረሚያ ቢላክላት፣ ስለ ሳቅና ስለ እንባ የተናገረችውን ሁሉ ሰርዛ፣ በምትኩ ስለ ጀግንነት ትምህርት የቀረበ ይፋዊ ዘገባ አያይዛ መለሰችው። መጽሐፉ ‘ጦርነት የሴት ፊት የለውም’ ተብሎ በ1983 ቢጠናቀቅም፣ የሶቭየት ሴትን ጀግንነት ዝቅ አድርጓል ተብሎ ሁለት ዓመት በአሳታሚዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የወጣው በ1985 ነው፤ ወጥቶም ሁለት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ፤ ደራሲዋም በ2015 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለች።

ፓቭሊቼንኮ መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት አልፏት ነበር። ራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ከሞቷ በኋላ ታትሞ ይገኛል፤ ስለ ጠመንጃዎቿ አሠራር፣ ስለ ነፋስና ስለ ርቀት አለካክ፣ ስለ ኦዴሳና ስለ ሴቫስቶፖል ምሽጎች በዝርዝር ይተርካል። ከ1945 በኋላ ያሉት ዓመቶች ግን በጥቂት ገጽ ያልቃሉ።